የሚያለብስ ቀስት
በነፋስ ስልክ ላፍቶ ስለ ታየ የደጋን ሥራ

ከሳሪስ ተነሥቶ ወደ ላፍቶ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው የፎቅ ቤትና የተሽከርካሪ ብዛት ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀና ሲል ግን የፉሪ ተራራ ይታየዋል። ነፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ በነፋስ ወሬ የሚያመላልስ ስልክ ማለት ሲሆን፥ ላፍቶ ደግሞ በኦሮሞ ቋንቋ የግራር ስም ነው። ክፍለ ከተማው የሁለቱን ስም አስተባብሮ ይጠራበታል። እኛም ወደዚህ ሰፈር የሄድነው ስለ እንጨት ነበር። የአንዲት አሮጊት እናት ደጋን ተሰብሮ እንደ ገና ይሠራል ቢሉን ለማየት ወደድን።

ደጋን ጥጥ የሚነደፍበት ቀስት ነው። የጉሙዝ ሰዎች በቀስት በማደን የታወቁ ሲሆኑ፥ በደጋው አገር ግን የጦረኛ መሣሪያ ይበልጡን ጦርና ጋሻ፥ በኋላም ጠመንጃ ነበረ። ስለዚህ በደጋው ቀስት የዋለው በቤት ውስጥ፥ በሴቶች እጅ ነው። ቋንቋችንም ይህን ዝምድና አልረሳውም። «ነደፈ» የሚለው ቃል በግዕዝ በፍላጻ መውጋትን ሲያመለክት፥ በአማርኛ ንብም ይነድፋል፥ ጥጥም ይነደፋል።

ከግቢው ስንገባ እናቲቱ በአጎዛ ላይ ተቀምጠው፥ የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው አቀርቅሮ በፊታቸው ቆሞ ነበር። ልጁ ደጋኑን የጦር መሣሪያ መስሎት፥ መቃ ደግኖ እስከ ጆሮው ቢስበው እንጨቱ ከመካከሉ ተሰነጠቀ። ነገሩም ቀላል አልነበረም። እናቲቱ ለምታገባ የልጅ ልጃቸው የጋቢ ማግ እየፈተሉ እኩሌታውን ብቻ አድርሰው ነበርና። የፋብሪካ ክር ከገበያ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ከእጅ ፈትል ጋር በአንድ ጋቢ ቢገባ ልዩነቱ በሸማው ላይ ይታወቃል።

«አልገርፍህም፤» አሉት። «የሰበርኸውን ግን ራስህ ትሠራዋለህ።»

ከዚያ በኋላ ያየነው ትምህርት ነበር። አስቀድሞ ጉጥ የሌለበት፥ ቀጥ ያለ የሽመል ዘንግ መረጡለት። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው፤ የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን ሽመል ግን ድፍን በመሆኑ ጽኑ ነው። ልጁ መካከሉን ወፍራም አድርጎ ትቶ ወደ ሁለቱ ጫፍ እያሳሳ ጠረበው። ቢላዋውን ወደ ውጭው ወገን ባዞረ ጊዜ እጁን ያዙት። ቀስት ሲለመጥ የውጭው ወገን ይሳባል፥ የውስጡ ይጨመቃል፤ ስለዚህ የውጭው ጭረት ከተቆረጠ ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል። እርሳቸው ይህን በአንድ ቃል ጨረሱት፦ «ጀርባውን አትንካ፥ ሆዱን ጥረብ።»

ዘንጉን በፍም ላይ እያገላበጡ አሞቁትና ጥቂት በጥቂት አጎበጡት፤ በገመድም አስረው በጥላ ስፍራ አኖሩት። በፀሐይ ቢደርቅ ይሰነጠቃል። ልጁ በየማለዳው ሊፈታው ቢቸኩልም አልፈቀዱለትም።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ጅማቱ ተወጥሮ አገኘነው። እናቲቱ በጣታቸው መትተው አደመጡ፤ ድምፁ ቢደክምባቸው ፈትተው ጥቂት አሳጠሩት። ሁለተኛ ሲመቱት ጥርት ብሎ ጮኸ። በመዳመጫ ፍሬው የወጣለትን ጥጥ አቅርበው ጅማቱን አስጠጉት፤ ጅማቱ በነዘረ ቍጥር የተጨመተረው ጥጥ እየተፈታ ወደ ላይ ተነሣ፥ ባዘቶም ሆነ። ያ ባዘቶ በእንዝርት ተፈትሎ፥ በልቃቂት ተጠቅልሎ፥ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ልጁም ምንም ሳይናገር በተነሣው ጥጥ ሥር እጁን ዘረጋ።

«ያኛው ቀስት ይገድላል፤ ይህ ያለብሳል፤» አሉት። ሥራቸውንም ሲጨርሱ፥ ተወጥሮ የሚያድር ቀስት ጕልበቱን ያጣልና፥ ጅማቱን ፈትቶ እንዲሰቅለው አዘዙት።

አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ድሩ በብዛት ከፋብሪካ ይመጣል፤ የማጉም ፈትል ወደዚያው እየሄደ ነው። ፋብሪካን መንቀፍ አይገባም፤ ብዙ ሕዝብ በርካሽ አልብሷልና። ነገር ግን ደጋን የሚያበጅ እጅ በመጽሐፍ አይወረስም፤ የሚወረሰው ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ነው። እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው የሚቀመጥ ልጅ ካልተገኘ፥ ደጋኑ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎባጣ እንጨት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ቤት ግን በጥፋት ምክንያት አንድ ተማሪ ተገኝቷል፤ የጋቢውም ማግ ለሠርጉ እንደሚደርስ ተስፋ አለን።