ሕመም በሌለበት ቀን
ባደግሁበት ቤት መድኃኒት የታመመ ሰው ነገር ነበር። ትኩሳቱ ከወረደ የተረፈው ኪኒን በወረቀት ተጠቅልሎ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። ነርስነት ተምሬ፣ እስራኤል ውስጥ ሥራ ይዤም ይህ እምነት ከውስጤ አልወጣም ነበር። ያስለቀቀኝ በዘር የሚወረሰው የሜዲትራኒያን ትኩሳት ነው።

በሽታው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ በመጡ አይሁዳውያን፣ በአርመኖች፣ በቱርኮችና በአረቦች ላይ በብዛት ይታያል። ድንገት ይነሳል፤ ትኩሳት፣ የማያስቀምጥ የሆድ ሕመም፣ አንዳንዴ የደረት ውጋት ወይም የቁርጭምጭሚት እብጠት። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አሰቃይቶ ራሱ ይለቃል። ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ በከንቱ የተቀደዱ ሕሙማን ብዙ ናቸው።

ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት የሕሙማኑ ደም ሲመረመር ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በዝተው ይገኛሉ። ኢንፌክሽን ያለ ያስመስላል፤ ጀርም ግን የለም። ምክንያቱ የታወቀው በ1997 ነው፤ 16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ፣ ፓይሪን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን ተገኘ። ፓይሪን በኒውትሮፊልና በሞኖሳይት ውስጥ ሆኖ የባክቴሪያ መርዝ ሴሉን ሲያውክ የሚያነቃ ዘበኛ ነው። አብዛኞቹ ሕሙማን የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ወርሰዋል፤ የእነሱ ዘበኛ ሌባ ሳይመጣም ይጮኻል። ሴሎቹ ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃሉ፣ ብግነት ይነሳል፣ ሰውነት ይግላል።

እኔን የገረመኝ ግን ይህ አልነበረም። ሕመምተኛው እየሳቀ፣ ከሥራ መልስ፣ ምንም ሳያመው መጥቶ ደም እቀዳለታለሁ፤ በአንዳንዱ ላይ የብግነት ምልክቱ ከፍ ብሎ ይመጣል። ሰውዬው ደህና ነኝ ይላል፣ ደሙ አይስማማም። ጉበት በብግነት ጊዜ የሚያመርተው አንድ ፕሮቲን ዓመታት ከቆየ አሚሎይድ ሆኖ ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። መድኃኒት ሳይገኝለት በፊት ብዙዎች በወጣትነታቸው የሞቱት በቁርጠቱ ሳይሆን በዚህ ነው።

ኮልቺሲን የቆየ የሪህ መድኃኒት ነው። ለዚህ በሽታ እንደሚረዳ የተጻፈው በ1972 ነው። ዕድሜ ልክ በየቀኑ ይዋጣል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሲሠራ ምንም ነገር አይታይም። ሕመሙ ይጠፋል፣ ሰውም ኪኒኑን ይረሳል። በ1986 የታተመ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት ሲጀመር ኩላሊታቸው ያልተነካ ሰዎችን ለዓመታት ተከታተለ። መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰዱት ከ900 በላይ ሰዎች መካከል በኋላ ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን የታየው በ4ቱ ብቻ ነው። በሥርዓት አልወሰድንም ካሉት 54 ሰዎች ግን 16ቱ ላይ ታየ።

ይህን ባነበብኩበት ሰሞን እናቴ ደም ግፊቷ ስለተሻላት ኪኒኑን ማቆሟን በስልክ ነገረችኝ። ስለ እነዚያ ሰዎች አጫወትኳት። «ታዲያ እነሱ የሌላ በሽታ አይደሉ ወይ?» አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ኪኒኗን እስክትጀምር ድረስ ግን በየማታው ደወልኩ።

አሁን ሕመምተኛ ሲመጣ ስንት ጊዜ አመመህ በሚለው አልጀምርም። ደህና በነበርክበት ሳምንት ስንት ቀን ዘለልክ እለዋለሁ። ዘልያለሁ ካለኝ አልቆጣውም፤ 4 እና 16 የሚሉትን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከየትኛው ወገን እንደመጡ እያሳየሁ አስረዳዋለሁ።