ከአፕዴት በኋላ ሲ ድራይቭ ሲሞላ፦ የአገር ቤቱና የውጭ አገሩ ልማድ

ዊንዶውስ ከአንድ እትም ወደ ሌላ ሲሸጋገር በሲ ድራይቭ ላይ የነበረው ክፍት ቦታ በብዙ ጊጋባይት ቀንሶ ይገኛል፤ ከ20 ጊጋባይት በላይ የሚቀንስበትም ጊዜ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ስላቆመ፣ ወደ 11 የተሸጋገሩ ብዙ ሰዎች ይህን አይተዋል። መፍትሔው ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በኢትዮጵያ ኮምፒዩተሩ ወደ ጥገና ቤት ተወስዶ ፎርማት ይደረጋል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ፋይሎቹ ወደ ክላውድ ይወጣሉ ወይም ትልቅ ዲስክ ይገዛል። ሁለቱም ልማዶች ከኑሮ ሁኔታ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ ሳይታይ የሚወሰዱ እርምጃዎች ናቸው።

ቦታውን ምን ያዘው?

አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የተባለው ፎልደር ነው። አዲሱ እትም ሲጫን አሮጌው አይደመሰስም፤ ተጠቃሚው አዲሱ ካልተስማማው ወደ ቀድሞው መመለስ እንዲችል በዚህ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የመመለሻው ጊዜ 10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ፎልደሩን ያጠፋዋል። ስለዚህ ምንም ባይደረግ እንኳ ከጎደለው ቦታ ብዙው ቀን ጠብቆ ይመለሳል።

ለማሻሻያው የወረዱት ፋይሎችም ከተጫኑ በኋላ ለጊዜው ዲስኩ ላይ ይቆያሉ። «ዊንኤስኤክስኤስ» የሚባለው ፎልደር ደግሞ የዊንዶውስን ክፍሎች ከነአሮጌ ቅጂዎቻቸው ይይዛል። በውስጡ ካሉት ፋይሎች ብዙዎቹ በሌሎች የዊንዶውስ ፎልደሮችም ስለሚታዩ፣ መጠኑ ሲነበብ ከእውነተኛው በላይ ይመስላል። ይህን ፎልደር በእጅ ማጥፋት ኮምፒዩተሩ እንዳይነሣ ሊያደርግ ስለሚችል መነካት የለበትም።

ጎደለ የሚባለው ሁሉ ደግሞ የጎደለ አይደለም። 256 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ 238 ሆኖ የሚታየው አምራቾች በ1,000፣ ዊንዶውስ ግን በ1,024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊንዶውስ 11 እትም 24ኤች2 ላይም ወደ 8.63 ጊጋባይት የሚጠጋ የማይጠፋ የማሻሻያ ትርፍ ይታይ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ይህ የአቆጣጠር ስሕተት እንጂ በእርግጥ የተያዘ ቦታ አለመሆኑን አረጋግጧል።

ፎርማት በአገር ቤት

በኢትዮጵያ ብዙው ተጠቃሚ ኢንተርኔት የሚገዛው በጊጋባይት በተለካ ፓኬጅ ነው። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ብቻውን ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። የጥገና ባለሙያው ግን መጫኛውን በፍላሽ ስለያዘው ዳታ ሳያስወጣ ኮምፒዩተሩን በአጭር ጊዜ እንደ አዲስ ያደርገዋል። ዲስኩን «ሲ» እና «ዲ» ብሎ መክፈልም ከዚሁ የመጣ ልማድ ነው፤ ሲ ፎርማት ሲደረግ በዲ የተቀመጠው ሰነድ፣ ፎቶና ሙዚቃ ይተርፋል።

ይህ አሠራር ጥበብ ያለበት ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። «ዴስክቶፕ» እና «ዶክመንትስ» ካልተዛወሩ በቀር የሚገኙት ሲ ላይ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ሳያስበው ሰነዱ አብሮ ይደመሰሳል። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪና የፕሪንተር ድራይቨር ሁሉ እንደገና መጫን አለባቸው። የተጫነው ዊንዶውስ ፈቃድ የሌለውና አፕዴቱ የተዘጋ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ለቫይረስ ተጋልጦ ይኖራል፤ አፕዴቱ ከተከፈተ ደግሞ ማሻሻያው ከፓኬጁ ላይ እንደገና ይወርዳል።

ክፍፍሉም ራሱ ቦታ ያጣብባል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል። ለሲ 60 ጊጋባይት ብቻ ከተሰጠው፣ በዲ ላይ የቱንም ያህል ቦታ ቢተርፍ ሲ መጣበቡ አይቀርም። ሲን ለማስፋት በዊንዶውስ ያለው የዲስክ ማስተዳደሪያ የሚጠቀመው ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ያለውን ያልተመደበ ቦታ ብቻ ነው። በዲ ያለው ሁሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ተገልብጦ፣ ዲ ተሰርዞ ሲ ከሰፋ በኋላ ግን ፎርማት የሚያስፈልግበት ምክንያት ይቀንሳል።

ክላውድ በውጭ አገር

በውጭ አገር ዋይፋዩ ቀንና ሌሊት ክፍት ስለሆነ አፕዴቱ ሌሊት ወርዶ ይጫናል። ቦታ ሲያንስ የዋንድራይቭ «ፍሪ አፕ ስፔስ» ይመረጣል፤ የፋይሉ ስም ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀራል፣ ይዘቱ ግን ክላውድ ላይ ብቻ ይሆናል። ዘዴው ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ጥሩ ነው። ሆኖም የማሻሻያው ትርፍ እዚያው እንዳለ ሆኖ የሚወጣው የባለቤቱ ፋይል ነው። ነፃው የዋንድራይቭ ቦታም 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ ወርኃዊ ክፍያ ይጀምራል።

ቅደም ተከተሉ

በሁለቱም አገር የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ነው። ኮምፒዩተሩ ከአዲሱ እትም ጋር ለጥቂት ቀናት ይሠራበታል፤ ድምፁ፣ ዋይፋዩ፣ ፕሪንተሩና ዋና ዋና ፕሮግራሞቹ ይፈተሻሉ። ሁሉም ደኅና ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ»፣ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ተከፍቶ የቀድሞው ዊንዶውስና የማሻሻያው ትርፍ ተመርጠው ይጠፋሉ። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» ስለሚገኝ ሳይታይ ምልክት እንዳይደረግበት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀድሞው ዊንዶውስ ከጠፋ በኋላ መመለስ አይቻልም፤ ዳታ ውድ በሆነበት አገር 10ሩን ቀን መጠበቅ ይመረጣል። ቀጥሎ «ስቶሬጅ ሴንስ» ቢበራ ጊዜያዊ ፋይሎች በየጊዜው ይጸዳሉ። ፎርማት የሚመጣው ዊንዶውሱ ራሱ ከተበላሸ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት ምርጫዎች እንደየአገሩ ይለያያሉ። የሃይበርኔት ፋይል ብዙ ጊጋባይት ስለሚይዝ፣ መብራት በማይጠፋበት አገር ሃይበርኔትን መዝጋት ያዋጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ግን ባትሪው ሲያልቅ የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚያድነው እሱ ስለሆነ ቢተው ይሻላል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚያከማቸው የማሻሻያ ፋይልም በአንድ ኔትወርክ ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ሊታደል ይችላል። ብዙ ኮምፒዩተር ያለው የአገር ቤት ቢሮ ሁሉም እስኪሻሻሉ ቢያቆየው ዳታ ይቆጥባል፤ አንድ ኮምፒዩተር ላለው ግን ትርፍ ነው። በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ግንኙነቱን «ሚተርድ» ብሎ ቢመዘግበው አብዛኛው ማሻሻያ ሳይጠይቅ አይወርድም።

ላፕቶፕ ወደ አገር ቤት ሲላክ

ሁለቱ ልማዶች የሚገናኙት በውጭ የሚኖር ሰው ያገለገለ ላፕቶፕ ለቤተሰብ ሲልክ ነው። ከመላኩ በፊት ማሻሻያዎቹ ሁሉ በውጭ አገሩ ዋይፋይ ተጭነው ማለቅ፣ ትርፉም መጽዳት አለበት። ቤተሰቡ የሚፈልጋቸው የክላውድ ፋይሎች በሙሉ ወደ ዲስኩ መውረድ ይኖርባቸዋል፤ አለዚያ ተቀባዩ ስማቸውን እንጂ ይዘታቸውን አያገኝም። ከሁሉም በላይ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ኮምፒዩተሮች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ዲስኩ ራሱን ሊቆልፍ ይችላል፤ መክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁልፍም በላኪው አካውንት ውስጥ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን ቁልፉን ቢጠይቅ፣ የአገር ቤቱ ባለሙያ ፎርማት አድርጎ ሊያስነሣው ይችላል እንጂ በውስጡ ያለውን ሰነድ ማውጣት አይችልም። ላኪው ቁልፉን ጽፎ ከላፕቶፑ ጋር ቢልክ ወይም ቢትሎከርን አስቀድሞ ቢያጠፋ የቤተሰቡ ሰነድ ከዚህ አደጋ ይድናል።