ፓስዎርዱ በማን እጅ ነው?

ዛሬ በየኪሳችን ስላለው ስልክ ትንሽ እናውጋ።

እኛ ሐርቡ የምንኖር ወጣቶች «ኢንተርኔት ሀብታምና ደሃ አይለይም፤ ሁሉም የሚከፍተው ያው ፌስቡክ፣ ያው ቲክቶክ ነው» ሲባል እንሰማለን። ሰፈራችንን ዞር ዞር ብለን ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቤታቸው ዋይፋይ የገባለት የነጋዴ ልጅ ትምህርቱን በቪዲዮ ይከታተላል፤ ያልገባውን ደጋግሞ ያያል፤ መጽሐፍ ያወርዳል። አብሮት የተማረው የባጃጅ ሹፌር የሚገዛው የቀን ፓኬጅ ነው። ረዘም ያለ ትምህርት ቢከፍት መሀል ላይ ያልቅበታል፤ ስለዚህ አጫጭሩን ያያል። ሰው «ቲክቶክ ላይ ተጥዶ ዋለ» ብሎ ያማዋል እንጂ የፓኬጁን ሒሳብ አያስብለትም። ከገጠር ለገበያ የሚወርደው ወንድማችን ደግሞ ሞባይል ቤት ገብቶ መንዙማና ሙሐደራ ሚሞሪው ላይ አስጭኖ ይመለሳል። እሱ ጋ የሚደርሰው ሌላ ሰው የመረጠለት ብቻ ነው።

ልጇ ዐረብ አገር ያለችባት እናት ደግሞ ከኢንተርኔት የምታውቀው ኢሞን ነው። ስልኩን የላከችላት ልጇ ናት፤ የሚከፍትላት የጎረቤት ልጅ ነው። እሱ ከሌለ የልጇን ፊት ሳታይ ታድራለች።

ይህን በሌላው ዓለምም አይተውታል። እስተር ሃርጊታይ የተባለች ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ኢንተርኔት ያላቸው ሰዎች ሁሉ የሚፈልጉትን ነገር እኩል ፈልገው እንደማያገኙ አሳይታለች። መስመሩ መግባቱ ብቻውን ልዩነቱን አይዘጋውም ማለት ነው።

በክልላችን መስመሩ ራሱ እኩል እንዳልሆነም አይተናል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በኬብል የሚገባ ኢንተርኔት ያለው መሥሪያ ቤት ወይም ሆቴል የሚደርስ ሰው እንደምንም መልእክቱን ያይ ነበር። በሞባይል ዳታ ብቻ የሚኖረው ግን ከነአካቴው ተቆረጠ። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸው በመደበኛ ስልክ ካልደወሉላቸው በቀር ድምፃቸውን የሚሰሙበት መንገድ አልነበራቸውም።

ዳታው ከተመለሰ በኋላስ? ፓስፖርት ለማውጣት ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ለመሄድ የተነሳች እህታችን ገንዘብ ከፍላ ታስሞላለች። ኢሜይል ይከፈትላታል፤ ፓስዎርዱ ግን በሞላላት ሰው ስልክ ላይ ይቀራል። ነገ ጉዳይዋ የት እንደደረሰ ለማየት ተመልሳ እሱን መለመን አለባት። ሰውየው ስልክ ቢቀይር ወይም አገር ቢለቅ ምን ይውጣታል?

ቴሌብርም እንዲሁ ነው። በ2013 ሲጀመር *127# ደውሎ በተራ ስልክም መጠቀም እንዲቻል ተደርጎ ነው። ማንበብ የማትችል እናት ግን የሚስጥር ቁጥሯን ለባለሱቁ ነግራ ታስደውላለች። ልጇ በሰው አገር ለፍታ የላከችው ብር የሚጠበቀው በባለሱቁ አላህን መፍራት ብቻ ነው። አብዛኛው ባለሱቅ ታማኝ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። የእናትየው ገንዘብ ግን በሰው ታማኝነት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ፤ በሰው እጅ ያለ ፓስዎርድም እንዲሁ ነው።

እህት ወንድሞቼ! ከተማ ያለን፣ ፊደል የቆጠርን ወጣቶች በዚህ መሀል የቆምነው እኛ ነን። ፎርም የምንሞላው፣ ኢሞ የምንከፍተው፣ ብር የምንልከው እኛ ነን። ስለዚህ ለአንዲት እህት ኢሜይል ስንከፍት በስሟና በራሷ ስልክ ቁጥር ይሁን፤ ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፈን በእጇ እንስጣት። ለእናቶቻችን «አንቱ ራስዎ ይጫኑት» ብለን ቁጥሩን በጣታቸው እናስለምዳቸው። ሦስት ቀን ቢፈጅም ይፍጅ። ዋይፋይ ያለን ደግሞ ትምህርቱን አውርደን ለባጃጅ ሹፌሩ ጓደኛችን በብሉቱዝ እንላክለት፤ ለኛ ምንም አያስወጣንም።

በእጃችን ያለው የሰው ፓስዎርድ አማና ነው። አማና ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል።