ቦርጭ ፈርቶ

ወንድሜ ሲጋራ ማቆም አቅቶት አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ የሰማኝ ሁሉ «ሱስ ነዋ፣ ምን ያድርግ!» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ሱሱን አሸንፎት ነበር። ከባዱን ጊዜ፣ እንቅልፍ የሚነሳውን፣ በትንሽ በትልቁ የሚያስቆጣውን፣ ቡና ሲሸት እጅን ወደ ኪስ የሚሰደውን ጊዜ አልፎታል። የመለሰው አምሮት አልነበረም፤ የመለሰው ሚዛንና የሰው አፍ ነው። አንጀቴ እርር የሚለውም ለዚህ ነው። ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ሲታመም ይታዘንለታል። ከወንዙ ማዶ ከተሻገረ በኋላ ለጥቂት ኪሎ ሲባል የተመለሰ ሰው ግን ቁጭቱ ከሆድ አይወጣም።

ያኔ አርባን ገና መሻገሩ ነበር። ከጉርምስናው ጀምሮ አጭሷል፤ መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ላይ፣ ኋላ ከማኪያቶ ጋር፣ በመጨረሻ ያለ ምንም ምክንያት። ደመወዝ ሲወጣ በፓኮ ይገዛል፤ ወሩ ሲጋመስ ከሱቅ በደረቴ ልጆች በፍሬ እየገዛ ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገረና «ከሥጋው ጋር ሲጋራውንም ልጹም» አለን። ቤት ውስጥ ያመነው አልነበረም። እሱ ግን ጾመው። ሁዳዴን ሙሉ አንድም አላጨሰ፤ ፋሲካ ሲመጣም ሥጋውን ገደፈ እንጂ ሲጋራውን አልገደፈም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሳስታውስ ዛሬም ልቤ ይሞቃል። ጠዋት ጠዋት ቤቱን የሚያናጋው ሳል እየቀለለ ሄደ። ለዓመታት ወጥ በቀረበ ቁጥር ሳይቀምስ ጨው ሲነሰንስ የኖረ ሰው «ጨው በዛ» ማለት ጀመረ። ማሽተት ተመለሰለት፤ ቡና ሲቆላ ከደጅ ሆኖ ያውቀዋል። ልጆቹን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ አየሁት። ምግብም መብላት ጀመረ፤ እንደ ልማዱ ቆንጥሮ የሚተወውን ሳይሆን እየጣፈጠው የሚጨርሰውን። ከምሳ በኋላ ያለው የሲጋራ ሰዓት ባዶ ሲሆንበት ደግሞ አፉ የሚይዘው ነገር ፈለገ፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ከረሜላ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። በጾሙ ተሸሽጎ የቆየው ክብደት ከፋሲካ በኋላ በቅቤና በሥጋ ታጅቦ መጣ።

ይህ ሁሉ ሰውነት ወደ ጤናው ሲመለስ የሚያደርገው ነው። ኒኮቲን ከሳንባ ተነስቶ አንጎል ለመድረስ ሴኮንዶች ይበቁታል። እዚያም ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠረውን ሃይፖታላመስ የተባለ ክፍል ያታልለዋል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ኒኮቲን «በቃኝ» የሚያሰኙትን የነርቭ ሕዋሳት እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። ልብንም ያስሮጣል፤ ሰውነት ቁጭ ብሎ እንኳ ከወትሮው ጥቂት የበለጠ ጉልበት እንዲያቃጥል ያደርጋል። ኒኮቲኑ ሲቀር ልብ ይረጋጋል፤ ረሃብ በሰዓቱ ይመጣል፤ ኪሎ ይጨምራል።

ምን ያህል? በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የመረመረ ሥራ፣ ያለ መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ገደማ እንደጨመሩ አስቀምጧል። ከመቶው 16ቱ እንዲያውም ከስተዋል፤ ከ10 ኪሎ በላይ የጨመሩት 13 ናቸው። ከዚህ ጥናት ውስጥ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚጨመረው ክብደት አብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ወንድሜ ሦስተኛ ወሩን ሊያገባድድ ነበር! ዳገቱ ሊያልቅለት ነበር። ይህን የነገረው አንድ ሰው አልነበረም። «ሲጋራውን ስትተው ኪሎ ይመጣል፤ አትደንግጥ፣ ይረጋል» ብሎ አስቀድሞ ያዘጋጀው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ቦርጩን ሲያይ የተነገረው ነገር ደረሰ ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን አዲስ በሽታ የያዘው መሰለው።

ግንቦት ላይ የአጎታችን ልጅ ሠርግ ነበር። ሱፉን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ሲለብስ ኮቱ አልቆለፍ አለው፤ በሸሚዝ ሄደ። የኛ ዘመድ ሰላምታ ደግሞ ይታወቃል፤ ከእግዜር ይመስገን ቀጥሎ የሚመጣው ሰውነትን መመርመር ነው። «ውይ፣ ቦርጭ አወጣህ!» «ምን እየቀለቡህ ነው?» «ፊትህ ተነፋ፣ ደኅና ነህ?» በአያቶቻችን ዘመን የወፈረ ሰው ደላው ተብሎ ይከበር ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በአርባ ዓመት ሰው ላይ የወጣ ቦርጭ እንደ ስንፍና ይታያል። በጣም የሚወዳቸው አክስታችን እንኳ፣ ሲጋራውን መተዉን ሲነግራቸው «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» ብለው መርቀው ሳይጨርሱ «ቅጥነትህ ግን ያምርብህ ነበር» አሉት። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ያ ሳልህ የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀው አንድ እንኳ አልነበረም። የጨመረው ለሁሉም ታየ፤ የዳነው ለማንም አልታየም።

ከሠርጉ ሳምንታት በኋላ በረንዳ ላይ ሲያጨስ አገኘሁት። «እስክከሳ ድረስ ብቻ ነው» አለኝ። «ቦርጩ ሲጠፋ እንደገና አቆማለሁ። መቻሌን አይቻለሁ።»

መቻሉ እውነት ነበር። ሁለተኛ ግን አልሆነለትም። ከዚያ ወዲያ ለማቆም በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለው የቀለለው ሳል አልነበረም፤ ያልቆለፈው ኮት ነበር። አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል፤ አንዳንዴ እስከ እሑድ። ቀበቶው ትንሽ ሲጠብበት እጁ ወደ ፓኮው ይሄዳል። ቦርጩስ ጠፋ? አልጠፋም። ፊቱ ከሳ፣ ክንዱ ከሳ፣ አንገቱ ቀጠነ፤ ሆዱ ግን እዚያው ቀረ። ይህም በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ አጫሾች ሚዛን ላይ ቀለል ብለው ቢገኙም ስባቸው ሆድ አካባቢ ወደ መከማቸት ያዘነብላል። 2ኛው ዓይነት የስኳር በሽታም ከማያጨሱት ይልቅ ከ30 እስከ 40 በመቶ በበለጠ ያሰጋቸዋል። ወንድሜ «ውፍረት ስኳር ያመጣብኛል» ብሎ ነው የሸሸው፤ የሸሸው ደግሞ ስኳሩን ወደሚያቀርብለት ነገር ነው።

ሲጋራ ቁመና ያሳምራል የሚለው እምነት ከየት መጥቶ ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደገባ ሳነብ ንዴቴ እጥፍ ሆነ። በ1928 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ኃላፊ ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል፣ ላኪ ስትራይክ የተባለውን ሲጋራውን በሴቶች ዘንድ ማስለመድ ፈለገ። መንገዱንም አገኘው፤ ጣፋጭ ሲያምራችሁ በምትኩ የኔን ሲጋራ አንሱ የሚል ማስታወቂያ በመላ አሜሪካ አስነዛ። ከረሜላና ቸኮሌት ሠሪዎች ገበያችንን ዘጋብን ብለው እስኪነሱበት ድረስ ሠራ። በዓመቱ፣ ኤድዋርድ በርኔስ የተባለው የሕዝብ ግንኙነት ሰው ለዚሁ ኩባንያ ሲል በፋሲካ ቀን ኒውዮርክ አደባባይ ላይ ወጣት ሴቶች ሲጋራ ለኩሰው እንዲሄዱ አደረገ፤ ነፃነት ነው ተባለ። ቀጥሎ የወጡት የላኪ ማስታወቂያዎች ሸንቃጣ ሰው ሥለው ከበስተኋላው አገጩ የተደራረበ ጥላ ያኖሩ ነበር፤ ካላጨስክ መጨረሻህ ይህ ነው ለማለት። በ1968 ደግሞ ፊሊፕ ሞሪስ ቅጥነትን በስሙ ውስጥ የከተተ ሲጋራ፣ ቨርጂኒያ ስሊምስን፣ ለሴቶች ብሎ አወጣ።

መርዙ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እነሱ ያንን የተዘጋ ፍላጎት ውበት ብለው ሸጡት። ወንድሜ ከእነዚህ ማስታወቂያዎች አንዱንም አላየም። አያስፈልገውም ነበር። ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ፣ ትውልድ ተሻግሮ፣ እኛ ድንኳን ውስጥ ከዘመዶቻችን ጋር ተቀምጦ ጠበቀው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሲጋራ ማስታወቂያ ተከልክሏል፤ ፓኮው ላይም የማስጠንቀቂያ ምስል እንዲወጣ ታዟል። መልካም ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ምስሉ ግን ማጨስ ምን እንደሚያደርስ ያሳያል እንጂ፣ ትቶ ሦስተኛ ወሩ ላይ ቀበቶው ለጠበበበት ሰው የሚናገረው ነገር የለውም።

የጠፋውን ነገር መጠን ማወቅ ለሚፈልግ ቁጥሩ አለ። ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ34,000 የሚበልጡ ወንድ የብሪታንያ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2004 አሳትመዋል። ማጨሳቸውን ያልተዉት ከማያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ቀድመው ሞተዋል። በ60 ዓመታቸው ያቆሙ 3 ዓመት፣ በ50 ያቆሙ 6 ዓመት አተረፉ። በ40 ያቆሙ 9 ዓመት። ወንድሜ አርባ ላይ ነበር። ዘጠኙ ዓመት መዳፉ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ክብደቱስ ይህን ትርፍ አይበላውም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ170,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቷል። ሲጋራ ትተው በጣም የወፈሩ ሰዎች ለጥቂት ዓመታት የስኳር በሽታ ስጋታቸው ከፍ ይላል፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ሞትን በተመለከተ ግን፣ ከ10 ኪሎ በላይ የጨመሩት እንኳ ማጨሳቸውን ከቀጠሉት ይልቅ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው በእጅጉ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ወንድሜ ደግሞ 10 ኪሎ አልጨመረም፤ ለዚያ የቀረበም አልነበረም። ጭማሪው ደግሞ መላ ያለው ነገር ነው። ከምሳ በኋላ በእግር ወጣ ማለት፣ ከረሜላውን በካሮት መለወጥ፣ ከተገኘም ጭማሪውን ጥቂት የሚያዘገየው የኒኮቲን ማስቲካ። ቦርጭ በሚቀጥለው ዓመትም ይቀነሳል። ሳንባ ግን አይጠብቅም።

ዛሬ ወንድሜ ቀጭን ነው። ያኔ ከተመኘው በላይ ቀጭን ነው። የአየር ቧንቧዎቹ ጠበዋል፤ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ሲመጣ በመካከል ግድግዳ ይደገፋል። መብላት ራሱ ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ጎርሶ ያርፋል፣ አርፎ ይጎርሳል። ሲጋራውን ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ ትቶታል፤ ማንም ስለ ኪሎ አላነሳም። እነዚያው ዘመዶች አሁን አጥሚት በፔርሙዝ፣ ገንፎ በሳህን ይዘው ይመጣሉ። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ብለው ያጎርሱታል። አክስታችን ቅቤ እየጨመሩበት ያለቅሳሉ። የሚከታተለው ሐኪም እውነቱን አልደበቀንም፤ ማቆም የሳንባውን መድከም ያዘገየዋል፣ የሄደው ግን አይመለስም። «ያኔ ባልመለስ ኖሮ?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ትንሽ ቆይቶ «ብዙው ይተርፍ ነበር» አለው። ወንድሜ ወደ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን አልተናገርኩም። ከሠርጉ በኋላ፣ ወደ ሲጋራው ከመመለሱ በፊት፣ ውፍረቱ አስጨንቆት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ማንም ሳይገፋው፣ በገዛ እግሩ። ሚዛን ላይ አወጡት፤ የደም ግፊቱን ለኩት፤ ስኳሩን አዩለት። ክብደት መቀነስ እንዳለበት ነገሩት፤ ቅባትና ጣፋጭ እንዲተው ጽፈው ሰጡት። የተነገረው ሁሉ ትክክል ነበር። ነገር ግን በወራት ውስጥ እንዲህ የተለወጠ ሰው ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ፣ ምን ተለወጠ ብሎ የጠየቀ የለም። ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ ያለውም የለም። ያን ቀን ቢጠየቅ ኖሮ «ትቻለሁ» ብሎ ይመልስ ነበር፤ ኩራት እየተሰማው ይነግራቸው ነበር፤ ገና አልተመለሰም ነበርና።