የአባቴ ሃይሉክስና የዘለልኩት ገጽ

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ፍቅር፣ ስለ ዶርም ሕይወትና ስለ ካፌ ወጥ ነው። እኔ ደግሞ ስለ መኪና ልጽፍ ነው። «ሴት ልጅ ከመኪና ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ዲፓርትመንታችን ይመጣል።

አባቴ አዳማ ውስጥ የድንች ነጋዴ ነው። ነጋዴ ስላችሁ መጋዘን ያለው እንዳይመስላችሁ። ያለችው አንዲት ያረጀች ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ወደ አሰላ ይወጣል፤ ከገበሬ የገዛውን ጭኖ ይወርዳል። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሲሄድ ባዶውን ወደ ደጋ ይወጣል፤ ሲመለስ ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ፒካፗ የተሠራችው አንድ ቶን ገደማ እንድትሸከም ነው፤ አሥር ኩንታል ማለት ነው። አባቴ ግን አሥር ጭኖ አያውቅም። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ይጭናል። ያኔ ጭራዋ ይቀመጣል፤ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል። ማታ ከሆነ መብራቷ የሚያበራው መንገዱን ሳይሆን የባሕር ዛፉን ጫፍ ነው። ከፊት የሚመጣ ሾፌር ሁሉ መብራቱን እያበለጨለጨ ይሰድበዋል። አንድ ጊዜ ባሌስትራዋ ላይ ተጨማሪ ብረት አስገብቶ ነበር። ስትጭን ትንሽ ቀና አለች፤ ባዶዋን ስትሄድ ግን እንደ ፈረስ ታስጋልብ ጀመር። እናቴ አንዴ አሰላ ድረስ አብራው ሄዳ ሁለት ቀን ወገቧን ይዛ ተኝታለች።

እንዲህ እንዳለን ባለፈው ገና የእናቴ ታናሽ ወንድም ከቨርጂኒያ መጣ። ሻንጣውን ሲከፍት ከጫማውና ከቫይታሚኑ ሥር ሁለት ጥቁር የጎማ ከረጢቶች አወጣ። እያንዳንዱ ሁለት ትንንሽ ድፎ ዳቦ የተደራረበ ይመስላል። እናቴ «ይሄን ለመሸከም ነው ኪሎ የከፈልከው?» አለችው። አባቴ ግን ወዲያው ገባው።

ከረጢቶቹ በሻንሲውና በኋላው አክስል መካከል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይገባሉ። አየር ሲሞሉ ያብጡና ሻንሲውን ወደ ላይ ይገፉታል። ባሌስትራ ላይ የተጨመረ ብረት ጭነት ኖረም አልኖረም እዚያው ነው፤ አየር ግን ስትጭን ትሞላዋለህ፣ ስታራግፍ ታስተነፍሰዋለህ። አባቴ ይህን ሲሰማ ዐይኑ በራ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ አጎቴም በማግስቱ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል። «እና አንቺን ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለምን ሆነና!» አለኝ አባቴ።

በዚህ ዓይነት ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ሳጥን ላይ አስቀመጡኝና «በይ አንብቢልን፣ ጋዜጠኛዋ» አሉ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል «ማስጠንቀቂያ» ይላል። ከሥሩ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንደኛው፣ ይህ ዕቃ አምራቹ ለመኪናው የወሰነውን የክብደት ጣሪያ ከፍ አያደርግም፣ ከዚያ በላይ አትጫኑ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መኪናው የኋላ ፍሬን ላይ እንደ ጭነቱ መጠን ኃይል የሚያከፋፍል ቫልቭ ካለው ይህ ዕቃ ፍሬኑን ሊነካው ስለሚችል ከመግጠማችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ ይላል።

ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። አዲስ ጫማ የተገዛለት ልጅ መስሏል።

«ምን ይላል?»

«ያው የተለመደ ማስጠንቀቂያ ነው» አልኩና ገለጥኩት።

እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በደንብ ገብቶኛል፤ ደስታውን ላበላሽበት አልፈለግሁም። ሁለተኛው ግን ጭራሽ አልገባኝም ነበር። ያን ሁሉ ሰው ፊት «ይሄ ቫልቭ ምንድነው?» ብዬ ከመጠየቅ ማለፍ ቀለለኝ። የዜና አጻጻፍ መምህራችን ዋናው ነገር መጀመሪያ ይምጣ እያሉ ስለ ተገለበጠው ፒራሚድ ስንት ጊዜ ነግረውናል። የመመሪያው ጸሐፊ የታዘዘውን አድርጓል። ፒራሚዱን መልሼ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

የቀረውን አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩ፤ እንዲያውም እየተንጎራደድኩ። አሜሪካ ውስጥ ሃይሉክስ አይሸጥም፤ እዚያ ያለችው ታኮማ ናት። ስለዚህ ከረጢቱን የሚይዘው ብረት ቀዳዳው ከኛዋ ሻንሲ ጋር አልገጥም አለና በያጅ ተጠራ። ጋሼ ከጭስ ማውጫው በኩል ያለውን ከረጢት እጃቸውን አስገብተው በዙሪያው ክፍተት መኖሩን ደጋግመው ለኩ፤ የጋለ ብረት ከነካው ጎማው ይቀልጣል። የአየር ቱቦው በምላጭ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ ይላል፤ ረዳቱ ልጅ ግን በፒንሳ ጨፍልቆ ቆረጠው። ኦሞ በጥብጠን መገጣጠሚያው ላይ ስናፈስበት አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ፈቶ እንደገና በምላጭ ቆረጠው። ባዶዋን ስትሆን እንኳን ከ5 ፒ.ኤስ.አይ. በታች እንዳይወርድ፣ ከ100 በላይም እንዳይሞላ ነገርኳቸው። ጋሼ «ጎበዝ ልጅ» አሉኝ። ደስ አለኝ መሰላችሁ!

በሳምንቱ እረፍት ላይ ስለነበርኩ አብሬው አሰላ ሄድኩ። አባቴ አሥራ ስምንት ኩንታል ጫነ። ቆጥሬያለሁ። «አባዬ፣ አልበዛም?» አልኩት። «አየሩ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ? ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያነበብሽው?» አለኝ። ከከተማው መውጫ ጎሚስታ ጋ ቆመን 80 አስሞላ። ጭራዋ ቀስ እያለ ተነሳ፣ ተነሳ፣ ከአፍንጫዋ ጋር እኩል ሆነ። አባቴ ዙሪያዋን ዞሮ አጨበጨበ። «እያት! ምንም ያልጫነች እኮ ነው የምትመስለው!»

ኢተያን አልፈን ወደ ዴራ ስንወርድ ከፊታችን ጄሪካን የጫነ የአህያ ጋሪ ብቅ አለ። አባቴ ፍሬን ያዘ። አፍንጫዋ ደፋ አለ፤ መኪናዋ ግን መሄዷን አልተወችም። ከኋላ አንድ ነገር እየገፋን ያለ ነበር የሚመስለው። ማርሽ ቀነሰ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። በግራ በኩል አውቶቡስ እየመጣ ነው። እኔ የማስታውሰው በዳሽቦርዱ ላይ የተዘረጉትን ሁለት እጆቼን ብቻ ነው። የቆምነው ከጋሪው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ጋሪውን የሚነዳው ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዞር ብሎ አየንና መንገዱን ቀጠለ። ምን እንደሆንን አልገባውም።

አዳማ እስክንደርስ ማናችንም አልተናገርንም። አባቴ በሁለተኛ ማርሽ ነው የነዳው።

ጋሼ ሥሯ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እጃቸውን እየጠረጉ «ተሳስተናል» አሉ። ከሻንሲው ሥር አንዲት የፍሬን ቫልቭ አለች። ቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ያያይዛታል። ጭነት ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፤ ዘንጓ ቫልቯን ትገፋታለች፤ ቫልቯም ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ኃይል ትለቃለች። ባዶ ስትሆን ደግሞ የኋላው ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ትቀንሳለች። «እኛ ጭራዋን በአየር ስናነሳው» አሉ ጋሼ «እሷ ባዶ ነኝ ብላ አመነች። አሥራ ስምንት ኩንታል በፊት ጎማ ብቻ ነው ያቆማችሁት።» ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «መመሪያው ይሄን ሳይናገር አይቀርም ነበር» አሉ። አላዩኝም። ባያዩኝም ፊቴ ጋለ።

ዘንጓን አስተካከሉ፤ ባዶዋንም ጭነንም ጭር ባለ መንገድ ላይ ፍሬኗን ደጋግመው ሞከሩ። እኔ ግን ለአባቴ የነገርኩት ማታ ነው፣ እራት በልተን እናቴ ስትነሳ። መጽሐፉን አምጥቼ ያን ገጽ በቀስታ፣ ቃል በቃል አነበብኩለት። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ያለኝ ይህን ነው፦ «ከአሥር በላይ ያለው ኩንታል ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በየወሩ የምልክልሽ እሱ ነው።»

ምን ልበለው? አላውቅም ነበር። ወይም ጠይቄ አላውቅም።

አሁን አሥር ነው የምጭነው ይላል። ባለፈው ቅዳሜ አብሬው ሄጄ ነበር፤ አሥራ አንድ ነው። ለኔ የሚልከው ቀንሷል፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ኮፒ ቤት መሥራት ጀምሬያለሁ። በዚያ ማታ ግን መጽሐፉን ልዘጋ ስል እጄን ያዘኝ።

«ሌላ ያላነበብሽልኝ ገጽ አለ?»

አለ አልኩት። የመጨረሻው፣ ስለ ዋስትናው የሚናገረው።

«አንብቢው።»

ዕቃው ከታሰበለት መኪና ውጪ ከተገጠመ ዋስትናው አይሠራም ይላል አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ እናቴም ምን እንዳሳቀን ልትሰማ ከማድቤት ብቅ አለች።