«12000» ያለው ማሽን ስንት ነው የሚዞረው?

ይቺን የጻፍኳት በተለይ «ፊዚክስ ምን ያደርግልናል» እያላችሁ ለምታደርቁኝ ልጆች ነው።

ሞጣ ላይ ከጓደኞቹ ጋር የእንጨት ሥራ ቤት የከፈተ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። በዕቁብና በብድር ብር ያገለገለ ሲኤንሲ ገዙ። የሞተውን መቆጣጠሪያ አውጥተው በአርዱይኖ ቦርድ ተኩት፤ ጂአርቢኤል ጫኑበት። (ጂአርቢኤል ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የሚባል ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ጀምሮት በነፃ የለቀቀው ፕሮግራም ነው። እግዜር ይስጠው።) ማሽኑ ተንቀሳቀሰ፤ ይሄ በራሱ ጉብዝና ነው። ግን ዋንዛውን ያሳርረዋል! የበር ቅርጽ ሲያወጣ ጠርዙ ጥቁር፣ ቤቱ ጭስ በጭስ። ዋንዛ ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ። ቢላ ቀየሩ፣ ጉዞውን ቀነሱ፤ ባሰ። «ቲቸር፣ ከዚህ በላይ ሳንከስር ልንሸጠው ነው» ብሎ ደወለልኝ። ቅዳሜ ከቢቸና ተነሥቼ ሄድኩ።

ኮምፒውተሩ 12000 ዙር በደቂቃ ይላል። ለስፒንድሉ ኃይል የሚመግበው ኢንቨርተር ላይ ግን 400 ኸርዝ ተጽፏል። ባለ ሁለት ፖል ሞተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ኸርዝ በሰከንድ አንድ ዙር። 400 በ60 ስታባዙት 24000! ኢንቨርተር ያስፈለገውም እኮ የግድግዳችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከ3000 ዙር ስለማያሳልፍ ነው።

ታዲያ 12000 ታዞ ለምን 24000 ይዞራል? ጂአርቢኤል ከፍተኛውን ዙር የሚያውቀው ከሴቲንግ ቁጥር 30 ነው። ሲጫን 1000 ሆኖ ይመጣል፤ ማንም አልነካውም። ስለዚህ ቦርዱ ከ1000 በላይ የታዘዘውን ሁሉ «ሙሉውን ልቀቅ» ብሎ ነው የሚረዳው። 8000 ጻፍ፣ 18000 ጻፍ፣ ያው ነው።

ጉዞውን ሲቀንሱ ለምን ባሰ? ባለ ሁለት ጥርስ ቢላ በ12000 ዙር እየዞረ በደቂቃ 2400 ሚሊሜትር ቢጓዝ እያንዳንዱ ጥርስ 0.1 ሚሊሜትር ይነክሳል። በ24000 ዙር 0.05 ይሆናል። ጉዞውን ወደ 1200 ስታወርዱት 0.025! ያኔ ጥርሱ መቁረጡን ትቶ ይፈትጋል፤ ፍትጊያ ደግሞ እሳት ነው። አናጢ ሲቸግረው ቀስ ማለት ልማዱ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ሴቲንግ 30ን 24000 አደረግነው። ቢላውን ፈታን። 24000 አዘን፣ የቦርዱን 5 ቮልት ወደ 10 የምታሳድገዋን ትንሽ ሞጁል በካቻቢቴ እያዞርን ቴስተሩ 10 ቮልት እስኪያነብ አስተካከልን። 12000 ስናዝ 5 ቮልት፣ ኢንቨርተሩ 200 ኸርዝ። ከዚያ የቢላ ማሰሪያው ላይ አንጸባራቂ ወረቀት ለጥፈን በተዋስኩት ታኮሜትር ለካን፤ 11 ሺህ 9 መቶ ምናምን። «ጎደለ እኮ!» አሉ። መጉደል አለበት፤ ኢንዳክሽን ሞተር ከመግነጢሳዊ መስኩ ትንሽ ወደኋላ ካልቀረ የሚጎትተው ኃይል አያገኝም። 11ኛ እና 12ኛ ክፍል የነበራችሁ፣ ትዝ አላችሁ?

ዋንዛው አሁን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑም አልተሸጠም።

አዲስ ለምትገጥሙ፦ ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ ለ50 ኸርዝ ሞተር ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ለ400 ኸርዝ ስፒንድል እንዳለ ከለቀቃችሁት ገና በ50 ኸርዝ ሙሉ ቮልቴጁን ይልክበታል፤ ኮይሉ ይቃጠላል። ሳታስነሡት በፊት የስፒንድሉን ታርጋ ፎቶ አንሥታችሁ ኮሜንት ላይ አድርጉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።