የሁለት ማርክ ዕዳ

ዋሽንግተን ውስጥ በናሽናል ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጊዜውን የሚገድልበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ያንቀላፋል፣ ሌላው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይሟገታል፣ ገሚሱ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ይውላል። እኔ መዝገበ ቃላት አነባለሁ። ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ በሁለት ዶላር የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት እንደ መጡ የሚያስረዳ ወፍራም መጽሐፍ ነው። አገር ቤት ሰባት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማሬን የሚያውቁ ባልደረቦቼ «ቲቸር ዛሬም ለፈተና ያጠናል» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ይህ አመል የያዘኝ በአንዲት ቃል ሰበብ ነው። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ታክሲ የምነዳው ከአንድ አሜሪካዊ በሳምንት ኪራይ ወስጄ ነበር። አንድ ጊዜ ልጄ ታማ ሥራ ፈትቼ ስለ ሰነበትኩ የኪራዩ ገንዘብ ጎደለኝ። ሰውዬው ዘንድ ሄጄ፣ በተማርኩት ጨዋ እንግሊዝኛ፣ ቀሪውን በ«ፎርትናይት» ውስጥ እከፍላለሁ አልኩት። ፎርትናይት ማለት ሁለት ሳምንት ነው፤ ስንቱን ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስጠንቼዋለሁ። ሰውዬው ግን «ፎርቲ ናይትስ?» ብሎ ጮኸ። ዐርባ ሌሊት ያልኩት መስሎታል! ላስረዳው አፌን ሳልከፍት የመኪናውን ቁልፍ ከእጄ ወሰደ። አንድ ያገሬ ሰው መሀል ገብቶ እስኪያስማማን ድረስ ሦስት ቀን ያለ ሥራ ተቀመጥኩ።

እንጀራዬን የዘጋችብኝ ቃል ምን ጉድ ናት ብዬ ብፈልግ፣ «አሥራ አራት ሌሊት» የሚለው ጥንታዊ አነጋገር ተጨማድዶ የቀረ ሆኖ አገኘሁት። የጥንት ጀርመን ነገዶች ጊዜን በቀን ሳይሆን በሌሊት ይቆጥሩ እንደ ነበር ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ከ1900 ዓመት በፊት ጽፏል። እንግሊዞችም ከዚያው ወገን ናቸውና ሳምንትን «ሰባት ሌሊት» ሲሉ «ሰናይት» ይሏት ነበር። ሰናይት ሞታለች። ፎርትናይት ግን በእንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ አለች፤ አሜሪካኖቹ ናቸው የማይጠሯት። ልጄን ትርጉሟን ብጠይቃት በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ወጣው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ወዲያ የራሳችንን ሥራ ስሞች ማገላበጥ ጀመርኩ። የምንነዳት «ካብ» ስሟ ከፍየል ዝላይ የመጣ ነው። «ካብሪዮሌ» የምትባል ባለ ሁለት እግር የፈረንሳይ ጋሪ ነበረች፤ መንገድ ላይ እንደ ፍየል እየዘለለች ስለምትሄድ ስሙ ወጣላት፤ ኋላ ተቆርጦ «ካብ» ሆነ። የዚህን ከተማ ጉድጓድ ለሚያውቅ ሹፌር ሌላ ማስረጃ አያሻውም። «ሀክኒ» ደግሞ የኪራይ ፈረስ ነው። የመጣው ሁሉ ስለሚጋልበው ከስቶ ያልቃል፤ ከዚህ የተነሣ ሰው ሁሉ ደጋግሞ ያሰለቸው አባባል «ሀክኒድ» ተባለ። ይህንኑ ቃል በተማሪዎቼ ድርሰት ዳር በቀይ እጽፍ ነበር፤ የደከመ ፈረስ መሆኑን ሳላውቅ። ዛሬ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ ወገቤን ይዤ ከመኪናው ስወርድ በደንብ ይገባኛል።

ስለ ቀይ እስክሪብቶ ካነሣሁ ዘንድ የሚቆጨኝን ልናገር። አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ «ጋት» ማለት ሲገባው «ጋትን» ብሎ ጻፈ። ሰረዝኩበትና ሁለት ማርክ ቀነስኩ። «ቲቸር፣ በፊልም ሰምቼ ነው» ቢለኝ «ፊልም መምህር አይሆንህም፤ ይህ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው» ብዬ በክፍሉ ፊት አሳቅኩበት። ልጁ ዓመቱን ሙሉ እጁን አላወጣም። አሁን መጽሐፌ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። በ1607 ጄምስታውን፣ በ1620 ደግሞ በሜይፍላወር መርከብ ማሳቹሴትስ የደረሱት ስደተኞች ሲነሡ፣ እንግሊዞች ራሳቸው «ጋትን» ይሉ ነበር። መጸውን «ፎል» ማለትም እንደዚሁ ነው፤ የቅጠል መርገፊያ ለማለት እንግሊዝ አገር የተወለደ ቃል ነው። ስደተኞቹ ይዘውት የወጡትን እንደ እናት ዕቃ ሲጠብቁ፣ አገር ቤት የቀሩት «ጋት» እና «ኦተም» ብለው ቀጠሉ። ቆይተው ደግሞ የገዛ ቃላቸውን ከአሜሪካ ሲሰሙት የአሜሪካኖች ብልሽት ነው አሉ። እኔም የእነርሱን መጽሐፍ ይዤ ልጁን ቀጣሁት።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከኤርፖርት ተቀበልኩት። መንገድ ላይ እናቱ ገበያ የምትሄደው በላዳ እንደ ሆነ ጠየቅኩት። «ራይድ ጠርታ ነው እንጂ» አለኝ። ገንዘብ በሐዋላ እንደምልክላት ብነግረው «ጋሼ፣ ቴሌብር እያለ!» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶም «ይሄ እኮ የድሮ አማርኛ ነው» አለ፤ ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን መሪውን እንደ ያዝኩ የዚያ ተማሪ ፊት ድቅን አለብኝ።

ስሙን አልረሳሁትም፤ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይህች መጽሔት ድንገት እጁ ከገባች፣ ሁለቱ ማርኮች እኔ ዘንድ እንዳሉለት ይወቅ።